ፒችትሪን በአነስተኛ የቢሮ ኔትወርክ ላይ በጋራ መጠቀም

ፒችትሪ በኢትዮጵያ የሂሳብ ክፍሎች ስሙ እንደ ሙያ መለኪያ የሚጠራ ሶፍትዌር ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ በሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው መስፈርት የተለመደ ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ሲሆን ስሙንም ያገኘው ከከተማዋ ታዋቂ ጎዳና ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያስተዋውቅ አብረው ከቀረቡት ፕሮግራሞች መካከል የፒችትሪ የሂሳብ ጥቅሎች ይገኙበት ነበር። የእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴጅ 50 የሚል ስም ወጣለት፤ እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚባለው፣ የ2010 እትሙም በብዙ ቢሮ እየሠራ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ሲሠራበት ብዙም አያስቸግርም። ሽያጭ የሚመዘግብ፣ ክፍያ የሚያዘጋጅና ንብረት የሚቆጣጠር ሠራተኛ በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ እኩል ይሥሩ ሲባል ግን ኔትወርኩም የሂሳቡን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፒችትሪ እምቢ አለ» ተብሎ ባለሙያ ከሚጠራባቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከሁለት ነገሮች ነው፦ ዳታው የት እንደተቀመጠና ማን ቀድሞ እንደከፈተው።

ፋይሎቹና ሞተሩ

የፒችትሪ መዝገብ አንድ ፋይል አይደለም። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ፎልደር አለው። በውስጡ ደንበኞች፣ አቅራቢዎች፣ የሂሳብ መደቦችና ጆርናሎች «ዳት» የሚል ቅጥያ ባላቸው ብዙ ፋይሎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ሲመዘገብ ከእነዚህ ውስጥ በበርካታዎቹ ላይ ይጻፋል። አንዱን ፋይል ብቻ ከአሮጌ ቅጂ አምጥቶ መተካት መዝገቡን እርስ በርሱ የሚያጋጨውም ለዚህ ነው። የሚንቀሳቀሰው ሙሉ ፎልደሩ ነው።

ፋይሎቹን የሚከፍተውና የሚጽፍባቸው ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሞተር ነው። ሞተሩ በዊንዶውስ ውስጥ በሰርቪስነት ከጀርባ ይሠራል። ፒችትሪን በየኮምፒውተሩ መጫን ግድ ነው፤ ዳታው ግን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ የዚያ ኮምፒውተር ሞተርም ከሁሉ ቀድሞ መነሳት አለበት። ዳታውን ለብቻው በኔትወርክ በሚሠራ የማከማቻ ሳጥን ወይም ከኢንተርኔት ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ ማኖር ችግር መጋበዝ ነው። በመጀመሪያው ሞተሩ ከፋይሎቹ ጋር አንድ ቦታ አይሆንም፤ በሁለተኛው አመሳሳዩ ፕሮግራም ገና ተጽፎ ያላለቀ ፋይል ይገለብጣል።

ሰርቨሩና ኬብሉ

ለአምስት ሰው ቢሮ የተለየ ሰርቨር፣ ማለትም ዳታው የሚቀመጥበትን ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ መግዛት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ፕሮፌሽናል የተጫነበት ጥሩ ዴስክቶፕ ይበቃል፤ ዊንዶውስ 7 እና 10 ፕሮፌሽናል እስከ 20 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ። ላፕቶፕ ግን አይመረጥም፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ባለቤቱም ይዞት ይወጣል። የሰርቨሩ የእንቅልፍ ቅንብር ይጠፋል፣ የኔትወርክ ካርዱም ኃይል ለመቆጠብ ራሱን እንዳያጠፋ ይደረጋል። ሥራው በረድ ባለ ሰዓት ሁሉ ግንኙነት የሚቋረጥበት ቢሮ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት እነዚህን ነው።

ግንኙነቱ በስዊች (ኬብሎቹን በሚያገናኝ ሳጥን) እና በኬብል ይሁን። ካት 5ኢ ኬብል በአንድ መስመር እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ለአንድ ፎቅ ከበቂ በላይ ነው። ዋይፋይ ለኢሜይል ጥሩ ነው፤ ለፒችትሪ ግን አንመክረውም፤ ለሰከንድ እንኳ ቢቆራረጥ በመጻፍ ላይ ያለውን መዝገብ መሃል ላይ ሊጥለው ይችላል። ሰርቨሩ የማይቀያየር አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ይሰጠዋል። ስሙ ከ15 ፊደል ያልበለጠና ክፍተት የሌለበት ይሁን፤ ከተጫነ በኋላም አይቀየር።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ለሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ለስዊቹም ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ቢተርፍና ስዊቹ ቢጠፋ ውጤቱ ኬብሉን እንደመንቀል ነው። ዩፒኤሱ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ ሁሉም አስቀምጦ እንዲወጣ ደቂቃዎች ለመግዣ ነው።

አጫጫን

መጀመሪያ በሰርቨሩ ላይ ይጫናል። የመጫኛው ፕሮግራም ፒችትሪ በዚህ ኮምፒውተር ብቻ ይሠራ እንደሆነ ወይም በኔትወርክ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ ተብሎ፣ ይህም ኮምፒውተር ሰርቨር ነው ተብሎ ይመለሳል። የፈቃዱ ዓይነት ከዚህ በፊት ይታይ። ለነጠላ ተጠቃሚ የተገዛ ጥቅል በኔትወርክ ሁለተኛ ሰው አያስገባም፤ ፕሪሚየም የተባለው የፒችትሪ ዓይነት እስከ 5 ሰው የሚያስተናግድ ጥቅል አለው።

ቀጥሎ የዳታው ፎልደር ሼር ይደረጋል፣ ማለትም በኔትወርኩ ላሉት ሌሎች ኮምፒውተሮች ክፍት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሁለት ፈቃዶችን ለየብቻ ይይዛል፦ የሼሩን እና የፎልደሩን። ከሁለቱ የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ ሙሉ ፈቃድ መሰጠት አለበት። በየኮምፒውተሩ ያለው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በሰርቨሩም ላይ በተመሳሳይ ስምና ፓስወርድ ይከፈታል። ፓስወርድ የሌለው አካውንት አይሆንም፤ ዊንዶውስ በነባሪ ቅንብሩ እንዲህ ያለውን በኔትወርክ አያስገባም።

ከዚያ በየጣቢያው፣ ማለትም ከሰርቨሩ ውጭ ባለው በእያንዳንዱ የሠራተኛ ኮምፒውተር፣ ፎልደሩ እንደ ድራይቭ ይያያዛል፤ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፊደል፣ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥርም ራሱ እንዲያያዝ ሆኖ። ፒችትሪ ሲጫን የዳታ ቦታ ሲጠይቅ ይህ ድራይቭ ይጠቆማል። የተጠቆመው መንገድ የሚመዘገበው በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ ሲሆን በ2010 እትም ፒሲደብሊው 170 ይባላል። ሰርቨሩ አንድ ቀን ቢለወጥ እንደገና ከመጫን ይልቅ እዚያ ያለውን መንገድ ማስተካከል ይቻላል።

በሰርቨሩ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነትን በሚያግደው መከላከያ) ላይ የፐርቫሲቭ የግንኙነት በሮች (ፖርቶች)፣ 3351 እና 1583፣ ይከፈታሉ። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ የድርጅቱን ሂሳብ ለማንም ክፍት ስለሚያደርግ አይገባም። የአንቲቫይረሱ ቅጽበታዊ ፍተሻም የዳታውን ፎልደር እንዲዘለው ይደረጋል፤ ያለዚያ ሪፖርት ለማውጣት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል።

ሲበላሽ

በብዛት የሚታየው መልእክት ፒችትሪ በሰርቨሩ ላይ ካለው ፐርቫሲቭ ጋር መገናኘት አልቻልኩም የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሰርቨሩ በርቷል ወይ? በፒንግ (ከሌላ ኮምፒውተር በሚላክ የግንኙነት መፈተሻ ትእዛዝ) ይመልሳል ወይ? የተያያዘው ድራይቭ ይከፈታል ወይ? እነዚህ ደህና ከሆኑ በሰርቨሩ የሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ የፐርቫሲቭ ሞተር መነሳቱ ይታያል፤ ቆሞ ከሆነ ይነሳል።

ሞተሩ የሚሰጣቸው ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። 20 ሞተሩ አልተነሳም ማለት ነው፤ 12 ፋይሉ በተጠቆመው ቦታ የለም፤ 94 የፈቃድ ችግር ነው፤ 2 የንባብ ወይም የጽሑፍ ስህተት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳ ፋይልን ያመለክታል። 116 ሲመጣ ፋይሉን ሌላ ሞተር ይዞታል። ይህ የሚሆነው ጠዋት የሰርቨሩ ሞተር ሳይነሳ አንዱ ጣቢያ ቀድሞ ሲከፍት ነው። የጣቢያው ሞተር ራሱን መተላለፊያ አድርጎ በዳታው ፎልደር ውስጥ «ሎክ» የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ ያ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሌሎቹም መንገድ ያጣሉ። መፍትሔው ሁሉም ከፒችትሪ ወጥቶ ያንን ፋይል ብቻ መሰረዝ፣ ከዚያ በሰርቨሩ ላይ አስቀድሞ መክፈት ነው። ዳት ፋይሎቹ አይነኩም።

የሐምሌ ዓመትና ባክአፕ

አዲስ ድርጅት ሲከፈት የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ፕሮግራሙ ከሚያቀርበው የፈረንጅ ወር ይልቅ ቀኖቹ በእጅ ይሞላሉ። የመጀመሪያው የሂሳብ ጊዜ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ይሆናል። ፒችትሪ በዓመት እስከ 13 የሂሳብ ጊዜያት ስለሚቀበል ጳጉሜን ለብቻዋ ማስገባት ይቻላል፤ ደመወዝ በ12 ወር ስለሚከፈል ግን ከነሐሴ ጋር ማዋሐድ ይሻላል፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት እስከ 11። ይህ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የፒችትሪ መለያና ፓስወርድ ይኑረው። ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ማን ምን እንደሰረዘ የሚያሳየው የክትትል ሪፖርት ዋጋ ያጣል።

ባክአፕ የሚወሰደው ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው። «ፒቲቢ» የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ይወጣል፤ በቀኑ ተሰይሞ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ቢቻል ከቢሮውም ውጭ ይቀመጣል። በትናንቱ ላይ መደረብ አይገባም፤ የተበላሸ መዝገብ ሳይታወቅ ሰንብቶ ከሆነ ብቸኛው ደህና ቅጂ የቀድሞው ነው። በወር አንድ ጊዜ ባክአፑን አዲስ ድርጅት በሚል መልሶ ከፍቶ የሙከራ ሚዛኑን ከዋናው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሲመለስ «ባለው ላይ» የሚለው ከተመረጠ ግን የዕለቱን ሥራ ሁሉ ያጠፋል።

እትም መቀየር ከተፈለገ ሁሉም ጣቢያዎች በአንድ ቀን ይቀየራሉ። አዲሱ እትም ድርጅቱን እንደከፈተ ዳታውን ወደ ራሱ ቅርጽ ይለውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው እትም የተጫነበት ኮምፒውተር ሊከፍተው አይችልም።