ሁለት ገና፦ በዓሉ ከአገር ውጭ

ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ በየዓመቱ ሁለት ገና ያያል። አንዱ ዲሴምበር 25 የሚውለው፣ ሁላችንም "የፈረንጅ ገና" የምንለው ነው። ሌላው ጃንዋሪ 7 የሚውለው የእኛው። በአሜሪካም ሆነ በጀርመን በመጀመሪያው ቀን ሥራ ዝግ ነው። በሁለተኛው ግን አለቃ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የአውሮፓ አገሮች ከ1582 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በየተራ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲገቡ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በጥንቱ ጸናች። አሁን በመካከል ያለው ርቀት 13 ቀን ነው። ጃንዋሪ 7 በእኛ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን፣ በእኛ 2016 ዓ.ም. እንዳየነው፣ በ28 ይከበራል። ግብፅ፣ ሰርቢያ ወይም ጆርጂያ የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው፤ እዚያ ጃንዋሪ 7 የሕዝብ በዓል ነው።

ከባዱ ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 አካባቢ ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ ደግሞ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። አንዳንድ ዓመት ጾሙ ሳይገባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይቀድማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን መሀሉ ላይ ይወድቃል። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ፣ የጎረቤት ኩኪስ፣ የፈረንጅ ገና ራት ይከተላል፣ ሁሉም በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ስለ ጾም ከማስረዳት "ቬጋን ነኝ" ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን ማስረዳቱን እመርጣለሁ፤ አንዴ የገባው የሥራ ባልደረባ በዓመቱ ራሱ "ጾማችሁ ገባ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያዊ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የገና ዋዜማ ማታ ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅዳሴው ተከትሎ ሌሊቱን ይዘልቃል። የራሱ ሕንፃ የሌለው ማኅበረ ምእመን ደግሞ፣ በሌሎች ከተሞችም እንደሚታየው፣ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ይከራያል። ነጠላው በወፍራም የክረምት ካፖርት ላይ ይጣፋል። ጫማ ደጅ ስለማይተው፣ በረዶ ያራሰው ቡትስ በር ላይ ተደርድሮ ውሃው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ የለመዱት እናቶች ፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ ደረቅ ካልሲም አይረሱም። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ሰው ገና ሲሰበሰብ፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የስምንት ሰዓት ልዩነት አለና። ቅዳሴ ውስጥ እያለህ ስልክህ ኪስህ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። አገር ቤት ጾሙ ተፈቷል።

ዶሮ ወጡም የራሱ ጣጣ አለው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በላዩ ዕጣን ሲጨስበት፣ የአፓርትመንቱ የጭስ ማንቂያ ይጮሃል። ስንቱ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ አራግቦታል! ዶሮውንም አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ ማውጣት ከሱፐርማርኬት በተቆራረጠ ዶሮ አይሆንም፤ ሙሉውን ገዝቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ እጁ ለለመደ ሰው መስጠት ነው። ቅርጫ የናፈቃቸው ተሰባስበው ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በሬ ገዝተው ይካፈላሉ።

በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ድግሱን ወደ ቅዳሜ የሚገፉ ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? ጭራሽ ከዲሴምበር 25 ጋር ሲቀላቀል ግን ያሳዝነኛል። ልጆቹ ስጦታና ሳንታ ክላውስን ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ምንም አይደለም። ዕጣኑን፣ ጧፉን፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውን ግን ከቤት ካልሆነ ከየትም አያገኙትም። የገናውን ዱላና ሩር አይተው የማያውቁ ልጆች ስንት ናቸው!

ቤተልሔም ደግሞ ሌላ ነው። በጎረቤቷ በእስራኤል ዲሴምበር 25 ለአብዛኛው ሰው ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የእኛ መነኮሳትና ምእመናን ግን የጃንዋሪ 7ን ሌሊት ጌታ በተወለደባት ከተማ ያሳልፋሉ። በየዓመቱ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ተሳላሚዎችም አሉ።

የዐረብ አገሮቹ ዝም ብዬ የማልፋቸው አይደሉም። ዱባይና ኩዌት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሳዑዲ ውስጥ ግን የለም። በሰው ቤት የምትሠራ እህት የትም ብትሆን አሠሪዎቿ ካልፈቀዱ አትወጣም። ገናዋ ያለው ስልኳ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሲተኛ በሯን ዘግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ከላሊበላ በቀጥታ የሚተላለፈውን የገና ማኅሌት ታያለች። ሲነጋ ለእናቷ ትደውላለች። እናትየው መጀመሪያ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፦ "በላሽ ወይ?"