ብረቱ የሚታየው ማን ላይ ነው? ሳይቦርግና ፆታ በሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች

ሳይቦርግ በአጭሩ ከፊሉ ሰው፣ ከፊሉ ማሽን የሆነ ፍጡር ነው። ሮቦት ከመነሻው ዕቃ ነው። ሳይቦርግ ግን ሥጋም ይሁን አንጎል፣ የሆነ የሰው ነገር አለው። ቃሉን በ1960 ያወጡት ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የሚያስቡት ስለ ጠፈር ጉዞ ነበር። ለጠፈርተኛው የምድርን አየር አሸክሞ ከመላክ ሰውነቱን ራሱን ከጠፈር ጋር ማስማማት ይሻላል አሉ። በምሳሌነት ያቀረቧት ነጭ አይጥ ነበረች። ቆዳዋ ሥር መድኃኒት በዝግታ የምታፈስ ትንሽ ፓምፕ ተቀብሮባታል።

አይጧ ሴት ትሁን ወንድ የነገረኝ የለም። አማርኛ ግን ትንሽ ነገር ሲያይ በሴት መጥራት ይቀናዋል፤ እኔም ሳላስበው «አይጧ» አልኩ። ፊልም ሠሪዎችም ማሽን ሲፈጥሩ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ብረት ፆታ የለውም። ፆታ የሚሰጠው ሠሪው ነው፤ ሲሰጥ ደግሞ ከሰፈሩ ልማድ ቀድቶ ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን አከታትሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ወንዱ ላይ ብረቱ አደባባይ ይወጣል። ሴቷ ላይ ይሸፈናል፤ ቢወጣ እንኳ ጌጥ ይመስላል። ሕግ አይደለም፤ ከዚህ የሚያፈነግጡም አሉ።

ከሜትሮፖሊስ እስከ ቴሌቪዥን

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1927 በርሊን ላይ ከታየው የፍሪትዝ ላንግ ድምፅ አልባ ፊልም ከሜትሮፖሊስ ነው። ሮትዋንግ የሚባለው ፈልሳፊ የሚወዳት ሴት ሌላ ሰው አግብታ በወሊድ ሞታለች። እሱም በሴት ቅርጽ ማሽን ይሠራል። ኋላ ላይ ማሽኗ የማሪያን መልክ ትለብሳለች። ማሪያ ሠራተኞቹ የሚያምኗት ደግ ልጅ ናት። ሐሰተኛዋ ማሪያ ግን በጭፈራዋ ወንዶችን ታፋጃለች፤ ከተማዋንም ታተራምሳለች። በመጨረሻ እንደ ጠንቋይ እሳት ላይ ትወጣለች። መልኳ ይጠፋና ብረቱ ይገለጣል። ሁለቱንም የተጫወተችው ብሪጊተ ሄልም ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሮትዋንግ ማሽኗን ሲሠራ ቀኝ እጁን አጥቷል፤ በምትኩ ሰው ሠራሽ እጅ አለው። ትርጉሙን ጥብቅ ካደረግነው የፊልሙ ሳይቦርግ እሱ ነው፤ እሷ ሮቦት ናት። በዚህ ርዕስ ስሟ የሚነሳው ግን እሷ ናት።

በ1966 የእንግሊዙ ተከታታይ ድራማ ዶክተር ሁ ሰውነታቸውን በማሽን የለወጡ ሳይበርሜን የሚባሉ ፍጡሮችን አመጣ፤ ስማቸው ራሱ የወንድ ነው።

በሰባዎቹ አሜሪካ ሁለት ተከታታይ ፊልሞች ነበሯት። ስድስት ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሰው፣ ስቲቭ ኦስቲን፣ ከ1974 ጀምሮ ታየ። ፍቅረኛው የነበረችው ጄሚ ሶመርስ በ1975 ገብታ በዚያው ታሪክ ሞተች፤ ሰውነቷ የተተከለላትን አልቀበልም አለ። ተመልካቹ አጉረመረመ። እሷም ከሞት ተነሥታ በ1976 የራሷን ፊልም አገኘች። የተጫወተችው ሊንዚ ዋግነር በ1977 የኤሚ ሽልማት ወስዳለች። ሁለቱም አንድ እጅና ሁለት እግር ተለውጦላቸዋል። የሚለያዩት በአራተኛው ነው። ለእሱ ዓይን፣ ለእሷ ጆሮ ተሰጠ። እሱ አሻግሮ ያያል፣ እሷ ተደብቃ ትሰማለች። የሁለቱም ብረት በቆዳ የተሸፈነ ስለሆነ ከላይ ያልኩት ልማድ እዚህ አይሠራም። ያም ሆኖ እሱ የጠፈር ሰው ሲሆን እሷ ከስለላው ጎን ለጎን አስተማሪ ናት።

አርኖልድ፣ መርፊ እና ሻለቃዋ

ከ1984 እስከ 1997 ያሉት ዓመታት የሳይቦርጉ ዘመን ናቸው።

የጄምስ ካሜሮን ተርሚኔተር በ1984 ወጣ። አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ርዕሱን ላያስታውስ ይችላል፤ «የአርኖልድ ፊልም» ካላችሁት ይገባዋል። ችግሩ አርኖልድ ሲኖር አክተሩ እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። እዚህ ፊልም ላይ ግን አክተሯ አስተናጋጇ ሣራ ኮነር ናት። አርኖልድ የሚጫወተው ማሽን የሚያሳድዳት ገና ያልተጸነሰው ልጇ እንዳይወለድ ነው። አንዱ ከፋብሪካ ወጥቷል፤ ሌላዋ ትወልዳለች። በመጨረሻም በብረት መጭመቂያ የምትጨፈልቀው ራሷ ናት። ማሽኑ ሳይቦርግ ነው ወይስ ሥጋ የለበሰ ሮቦት? ይህ ያከራክራል። ፊልሙ ራሱ ሳይቦርግ ስላለው እኛም እንበለው።

የቆሸሸ የኪራይ ክፍል ውስጥ አርኖልድ መስታወት ፊት ቆሟል። የተጎዳ ዓይኑን በስለት ቆርጦ ያወጣዋል። ዓይኑ መታጠቢያው ውስጥ ይወድቃል። ከቀዳዳው ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። ከዚያ ጥቁር መነጽሩን ያደርጋል። አሁን በ2003 የወጣውን ሦስተኛውን ክፍል ክፈቱ። ክሪስታና ሎከን የተጫወተችው ሴት ማሽን ፖሊስ መኪናዋን ያስቆማታል። መንገድ ዳር የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። እሱን አየት ታደርግና ጡቷን በዚያው ልክ ትነፋዋለች። ወንዱ መስታወት ፊት ሥጋውን ይቀንሳል፤ ሴቷ ማስታወቂያ አይታ ትጨምራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎም ብዙ ፈቀቅ አላልንም።

በመካከላቸው ያለው የ1991ዱ ሁለተኛ ክፍል የተለየ ነው። ሣራን የምትጫወተው ሊንዳ ሃሚልተን ክንዷን አፈርጥማ መጣች። አርኖልድ ደግሞ ሞግዚት ሆነ። ሣራ ልጇንና ማሽኑን ከሩቅ እያየች፣ አባት ልሁን ብለው ከመጡት ሁሉ የበቃው ይህ ማሽን ብቻ ነው ብላ ታስባለች። እናቲቱ ስትጠነክር ብረቱ ለሰለሰ።

የፖል ቨርሆቨን ሮቦኮፕ በ1987 ወጣ። ፖሊሱ አሌክስ መርፊ በጥይት ተበጣጥሶ ይሞታል፤ አንድ ኩባንያ ሬሳውን ወስዶ ዕቃ ያደርገዋል። ሐኪሞቹ ግራ ክንዱን አትርፈውለት ነበር። ኃላፊው ግን ቁረጡት ይላል። የወንድ ሰውነት እንዲህ በሌላ ሰው ፈቃድ ሲቆራረጥ በድርጊት ፊልም ብዙም አናይም። ከዚያ በኋላ የሚመገበው የሕፃን ምግብ የመሰለ ድልህ ነው። ሚስትና ልጅ የነበሩበት ቤት ባዶውን ቆሟል፤ ክፍል ለክፍል ይዞራል። «መርፊ፣ አንተ ነህ» የምትለው የሥራ ባልደረባው አን ሉዊስ ናት። ብዙ ተቺዎች ፊልሙን ጋሻ ለባሽ ወንድነት አድርገው አንብበውታል። እኔ ግን ቤቱን ስላጣ ሰው የተሠራ ፊልም ይመስለኛል።

በእነዚህ መካከል፣ በ1985፣ አሜሪካዊቷ ምሁር ዶና ሃራዌይ የሳይቦርግን ማኒፌስቶ አሳተመች። ሳይቦርግ አባትና እናት የለውም፤ ስለዚህ የሴትና የወንድ ድንበሩን ሊያፈርስ ይችላል የሚል ነው ሐሳቡ። ከሴት አምላክነት ሳይቦርግነትን እመርጣለሁ ብላ ነው የምትዘጋው። ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሳታል። የሆሊውድ ሰዎች ያነበቧት ግን አይመስልም።

ለሐሳቧ የቀረበው ከጃፓን ነው የመጣው። በማሳሙነ ሺሮው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ላይ ተመሥርቶ በ1995 በማሞሩ ኦሺ የተዘጋጀው ጎስት ኢን ዘ ሼል፣ ለእኔ በዚህ ዘርፍ የሚወዳደረው የለም። ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ ከአንጎሏ በቀር ሁሉ ነገሯ የፋብሪካ ነው። ፊልሙ ሲከፈት ፎቅ ጣራ ላይ ናት። ባልደረባዋ ጭንቅላትሽ ውስጥ ጫጫታ በዝቷል ይላታል። የወር አበባዬ መጥቶ ነው ትለዋለች። ማሕፀን የሌላት ሴት ናት ይህን የምትለው። ቀልድ ነው? ሽሙጥ? ወይስ የሴትነት ትዝታ? ፊልሙ አይመልስም።

ወዲያው ሰውነቷ ሲገጣጠም እናያለን፤ የኬንጂ ካዋይ መዘምራን በጥንታዊ ጃፓንኛ የሰርግ ዜማ ያዜማሉ። እርቃኗ ደጋግሞ መታየቱ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ልክ ነው። ግን መጨረሻ አካባቢ ያለውን ትዕይንት ተመልከቱ። ታንክ ላይ ወጥታ ክዳኑን ልትገነጥል ትታገላለች። ጡንቻዋ ያብጣል፣ ቆዳዋ ይቀደዳል፣ እጇ ይገነጠላል። ያ ሲታይ የነበረ ሰውነት የዕቃ ስብርባሪ ይሆናል። አጠገቧ የሚጋደመው፣ ከኮምፒውተር መረብ የተወለደው ሌላው ፍጡር ደግሞ የሴት ገላ ለብሶ በወንድ ድምፅ ይናገራል። ሁለቱ ይዋሐዳሉ። ከዚያ በኋላ በልጅ ሰውነት ትነቃለች። በ2017 የወጣው የሆሊውድ ቅጂ በስካርሌት ዮሃንሰን ምክንያት ሌላ ክርክር አስነሣ፤ የጃፓናዊት ገጸ ባሕርይ ለምን ለነጭ ተዋናይት ተሰጠች የሚል።

የአሜሪካው የጠፈር ድራማ ስታር ትሬክ ላይ ንጽጽሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካፒቴን ፒካርድ በ1990 ቦርግ በሚባሉ ሳይቦርጎች ተይዞ ግማሽ ማሽን ሆነ። ሲድን ብረቱ ሁሉ ወጣለት፤ የቀረው ሐፍረትና ሐዘን ነው። እንደሱ በቦርጎች ተይዛ የነበረችው ሰቨን ኦፍ ናይን በ1997 ቮየጀር በሚባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ላይ ስትመጣ አብዛኛው ብረት ወጣላት። ከቀሩት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለው ጌጥ መሳይ ነገር ነው። በላዩ ገላዋ ላይ የተጣበቀ ልብስ ተደረገላት። ተመልካች ለመሳብ የተደረገ ነው ይባላል። ጄሪ ራያን ግን ገጸ ባሕርይዋን ከልብሷ በላይ አድርጋ ተጫውታታለች።

ከዚያ ወዲህ

በ2019 ሁለት ፊልሞች ወጡ። አሊታ ያጌጠ የብረት ክንዷን ሳትሸፍን ትዋጋለች። የተርሚኔተሩ ዳርክ ፌት ግሬስን አመጣ፤ የተሻሻለች ሰው እንጂ ማሽን አይደለችም።

ከአፍሪካ የሚጠቀሰው በ2021 የታየው ኔፕቱን ፍሮስት ነው። ሶል ዊልያምስና አኒሲያ ኡዜይማን ሩዋንዳ ውስጥ ቀረጹት። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሁለቱም ፆታ ተፈጥሮ ያለው ሲሆን ወንድና ሴት ተዋናዮች ተፈራርቀው ይጫወቱታል። ኮልታን ቆፋሪዎችም አሉበት። ማዕድኑ ስልካችን ውስጥ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሆሊውድ የማያሳየው የሳይቦርግ ጓዳ እዚህ አለ።

እኛ ዘንድ በ2015 የወጣው ክረምስ አለ። አዘጋጁ ስፔናዊ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በአማርኛ ተጫውተውበታል። ሳይቦርግ የለበትም፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ መርከብ ግን አለ።

ከፊልም ውጭ ደግሞ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አለች። በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት። ሳውዲ አረቢያ በኦክቶበር 2017 ዜግነት ስትሰጣት የአገሩ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የወጣው ፈቃድ ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ ሁሉም «መጣች» አለ፤ «መጣ» ያለ አልሰማሁም። ፊቷ ቆዳ መሳይ ነገር ለብሷል፣ ተኳኩሏል። የጭንቅላቷ ጀርባ ግን ብርሃን አስተላላፊ ነው፤ ከኋላዋ የቆመ ሰው ሽቦውን ያያል።