የስላቅ ብራንዶች በቪዲዮ ጌም፦ ከሎስ ሳንቶስ እስከ ደሴ ጌም ቤቶች

የስላቅ ብራንድ የሚባለው በጌም ዓለም ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ በቀለሙ፣ በአጠራሩ ወይም በአሠራሩ ግን አንድን እውነተኛ ድርጅት የሚያስታውስና የሚነቅፍ የፈጠራ ስም ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የታወቀው የሮክስታር ኩባንያ ግራንድ ቴፍት አውቶ (ጂቲኤ) ነው፤ ሎስ ሳንቶስም የዚሁ ጌም የፈጠራ ከተማ ናት። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ብዙ ተጫዋች ከእነዚህ ብራንዶች ጋር የተዋወቀው በ2004 በወጣው ሳን አንድሪያስ፣ በፕሌይስቴሽን 2 ወይም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የተቀየረ ሁሉ ስላቅ አይደለም። በጌም ቤቶች በብዛት የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ ፒኢኤስ የተባለውን የቆየ የኳስ ጌም የተጫወተ ሁሉ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» ብሎ ያውቃቸዋል። እነዚህ ስሞች የመጡት የጌሙ ሠሪ ኮናሚ የክለቦቹ ፈቃድ ስላልነበረው ብቻ ነው፤ በማንም ላይ አይሳለቁም። የስላቅ ብራንድ ግን የእውነተኛው ስም ፈቃድ በነጻ ቢሰጥ እንኳ አይተካም፣ ምክንያቱም ሥራው መንቀፍ ነው።

ሳን አንድሪያስ ላይ ያለውን ክላኪን ቤልን እንውሰድ። ስሙ ኬኤፍሲንና ታኮ ቤልን (ሁለት የአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶች) ያጣመረ የዶሮ ምግብ ቤት ነው። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጄ ትንሹን ምሳ በ2 ዶላር፣ ትልቁን በ5፣ ግዙፉን በ10 ይገዛል። ሲበላ ጤናው ይሞላል፣ ስቡ ግን ይጨምራል፤ በላይ በላዩ ከበላ ያስመልሰዋል። ስብ የማይጨምረው ሰላጣ ዋጋው ከግዙፉ ምሳ እኩል ነው። ነቀፋው ያለው በሎጎው ላይ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው፦ ጤናማው ምግብ ውድ፣ የሚያወፍረው ርካሽ። ስፕራይትን የሚያስታውሰው ስፕራንክም፣ ኮካ ኮላን የሚያስታውሰው ኢኮላም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ለወሎ ተጫዋች ግን አንድ ችግር አለ። ደሴ ላይ ኬኤፍሲ የለም። ስለዚህ ብዙው ወጣት ክላኪን ቤልን ያወቀው ከዋናው በፊት ነው፤ የተኮረጀውን ያላየ ሰው ኩረጃው አያስቀውም፣ ተራ የዶሮ ቤት ሆኖ ያልፈዋል። የማኅበራዊ ሚዲያው ስላቅ በተቃራኒው ሳይተረጎም ይገባል። ፌስቡክንና ቲክቶክን ፒያሳ ላይ ያለው ተጫዋች ካሊፎርኒያ ካለው እኩል ያውቃቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የበሰለው በ2013 በወጣው ጂቲኤ 5 ውስጥ ያለው ላይፍኢንቬደር ነው። ፌስቡክን ይመስላል፤ ፌስቡክ ላይ «ላይክ» በሚባልበት ቦታ እዚህ «ስቶክ» ይባላል፣ ሰውን ተደብቆ መከታተል ማለት ነው። የአንድን ኩባንያ ገጽ «ስቶክ» ያደረገ ተጫዋች የዋጋ ቅናሽ ያገኛል። ማንነቱን ሰጥቶ ኩፖን ይቀበላል፤ እውነተኛው የማስታወቂያ ንግድም የሚሠራው ልክ እንደዚሁ ነው።

አንዱን ተልዕኮ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ማይክል የተባለው ገጸ ባሕርይ እንደ ፕሮግራመር ቁምጣ ለብሶ ወደ ኩባንያው ቢሮ ይገባል። አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ብቅ ብቅ በሚሉ ማስታወቂያዎች ተጥለቅልቆበት እርዳታ ይጠይቀዋል። ተጫዋቹ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘግቶ ጸረ ቫይረሱን ማስነሳት አለበት። ከዚያ አዲሱ ስልክ ውስጥ ዕቃ ይቀብርና ይወጣል። ቤቱ ገብቶ የኩባንያው መሪ ጄይ ኖሪስ ስልኩን ሲያስተዋውቅ በቴሌቪዥን ያያል፤ ሲደውልለት ስልኩ ሰውዬው ጆሮ ላይ ይፈነዳል። በዚህ ተልዕኮ ላይ ጥይት አይተኮስም፤ ተጫዋቹ የሚታገለው ከማስታወቂያ መስኮት ጋር ነው። ከጌሙ ምርጥ ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው።

እነዚህ ገጾች የተጫኑት ጌሙ ውስጥ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እውነተኛው ፌስቡክ ሲጠፋ፣ ላይፍኢንቬደር ጌሙ በተጫነበት ሁሉ ይሠራ ነበር። ባውሳክ የተባለው የጌሙ አክሲዮን ገበያ ግን ከሮክስታር ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይከፈትም፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ሁለተኛው ገበያ ኤልሲኤን ነው። «ባውሳክ ተበላሸ» የሚለው ስሞታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ትዊተርን የሚያስታውሰው ብሊተርም በጂቲኤ 5 አለ። በ2016 የወጣው ዋች ዶግስ 2 የተባለ ሌላ ጌም ጉግልን «ኑድል» ብሎታል። በታኅሣሥ 2023 የተለቀቀው የጂቲኤ 6 የመጀመሪያ ማሳያ ደግሞ በስልክ ቁመት የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎችን አሳይቷል፤ ስላቁ ከፌስቡክ ወደ ቲክቶክ መሸጋገሩ ግልጽ ነው።

የወሎ ወጣቶች የራሳቸውን የስላቅ ብራንድ ሳን አንድሪያስ ላይ መጨመር ይችላሉ፤ ሥራው ከሚታሰበው ይቀላል። ጥሩ ብራንድ የሚነሳው ሁሉም ከሚያውቀው አንድ ልማድ ነው። ለምሳሌ «ዋጋ በውስጥ» የሚባል የቴሌግራም ሱቅ፦ ዕቃው ሁሉ ይታያል፣ ዋጋ ግን የለም፤ ተጫዋቹ መልእክት ልኮ ይጠብቃል፣ በጠበቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ወይም «ነካ ነካ» የሚባል የላይቭ መድረክ፦ ተመልካች ታፕ ታፕ ማድረግ ሲያቆም የአቅራቢው የጤና መስመር ይወርዳል። ሁለቱም የሚነቅፉት አሠራሩን ነው። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአነጋገር ዘዬ የሚሳለቅ ብራንድ ግን መሠራት የለበትም፤ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት በሚኖሩበት አገር ይህ ስድብ ነው እንጂ ስላቅ አይደለም።

ብራንዱን ኮምፒውተር ላይ ባለው ጌም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለማስገባት፣ መጀመሪያ የጌሙን ፎልደር ሙሉ ኮፒ ማስቀመጥ። ቀጥሎ የጌሙ ስሪት 1.0 መሆኑን ማረጋገጥ፤ አብዛኛው ሞድ (ተጫዋቾች በጌሙ ላይ የሚጨምሩት ለውጥ) የተሠራው ለእሱ ነው። ሞድ ሎደር የሚባለውን መጫን የጌሙን ስዕሎች የያዘውን ዋናውን ጂቲኤ3 ፋይል ከመነካካት ያድናል። ከዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ስዕል ማጂክ ቲኤክስዲ በተባለው የጌም ስዕል ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ አውጥቶ፣ አዲሱን በዚያው ስምና መጠን መተካት። ስሙ በአንድ ፊደል ከተለየ ሰሌዳው ነጭ ሆኖ ይቀራል። መጠኑ 256 በ256 ወይም 512 በ256 ፒክሰል ይሁን፤ 300 በ200 ዓይነት ቁጥር ጌሙን ሊዘጋው ይችላል። ሚፕማፕ (ከሩቅ ለሚታየው የሚያገለግሉ የስዕሉ ትንንሽ ቅጂዎች) ካልተሠራ ሰሌዳው ከሩቅ ይብለጨለጫል።

ዋናው ፈተና ፊደላችን ነው። ስዕሉ የሚጨመቀው 4 በ4 ፒክሰል እየተከፋፈለ ስለሆነ፣ «ሊ»ን ከ«ሉ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ትዋጣለች። ጭረቱ ቢያንስ 4 ፒክሰል ይወፍር፤ ከፎንቶች ቀጭኑ ኒያላ ሳይሆን የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደማቁ ይመረጣል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለበት። የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በአማርኛ ማሳየት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሳን አንድሪያስ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይሰጣል፣ ማለትም ቢበዛ 256 ቦታ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አማርኛው በሰሌዳ ስዕል ላይ ይቅር።

ሰሌዳው የት ይቀመጥ ለሚለው የሀረጎ መንገድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር የሚያነበው በጎን ያለውን ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ፊት ለፊት የቆመውን ነው። ጌም ውስጥም እንደዚያው፤ ጽሑፉም ከሁለት ቃል ባይበልጥ ይመረጣል።

ሕጉን በተመለከተ በጣም የሚጠቀሰው የ2008 ፍርድ ነው። ሎስ አንጀለስ የሚገኝ «ፕሌይ ፔን» የተባለ የምሽት ክበብ፣ ሳን አንድሪያስ ላይ «ፒግ ፔን» ተብዬ ተመስያለሁ ብሎ ሮክስታርን ከሰሰ። የአሜሪካ 9ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስሙ ለጥበብ ሥራው አግባብ እንዳለውና ሰውን እንደማያሳስት አይቶ ለሮክስታር ፈረደ። በ2023 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውስኪ አምራቹ ጃክ ዳንኤልስ ጉዳይ፣ የስላቁን ስም የራሱ ሸቀጥ መለያ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ይህ ከለላ እንደማይጠብቀው ወሰነ። በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 (በእኛ አቆጣጠር) ሲሆን፣ ባለቤቱ ሕዝብን ሊያሳስት የሚችል ተመሳሳይ ምልክት እንዳይሠራበት የመከልከል መብት አለው። በሞድ ውስጥ ያለ ሰሌዳና በዚያው ስም ታትሞ ሰኞ ገበያ የሚሸጥ ቲሸርት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ለመሸጥ ያሰበ ሰው የማንንም ሎጎ የማያስታውስ አዲስ ምልክት ሠርቶ በስሙ ያስመዝግብ።