«ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽ ያጥራል»

አክስቴ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ሲጋራ ይዛ አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት እሳት እንጀራ ጋግራለች። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል።

«የሳንባ ሕመም የአጫሽ ነው።» የማገዶ ጭስም ያመጣዋል። የሳንባ ነቀርሳም ከዳነ በኋላ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

«ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ማረፍ አለበት።» ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚች ምክር ነው። አክስቴን ውሃ እንኳ እየቀዱ አቀረቡላት። እግሯ ሰለለ። የሰለለ ጡንቻ ደግሞ ለትንሿ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ከመኝታ ቤት እስከ በር ስትደርስ ታለከልካለች፤ ስታለከልክ እንደገና «አረፍ በይ!» ይሏታል። አዙሪት ነው።

የሳንባ ተሐድሶ የሚባለው ሕክምና ይህን ለመስበር ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በባለሙያ ክትትል የአካል እንቅስቃሴ መሥራት። ማለክለኩ በራሱ አደጋ አይደለም። እየተራመዱ አጭር ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው። መዝፈን ከቻሉ ግን ገና አልጀመሩም! ሲበዛ ቆም ብሎ በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ማውጣት። ከተማዋ ሜዳ መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመን። በጠዋት የጣና ዳር ዳሩን፣ ከዛፍ እስከ ዛፍ እየቆጠርን ነው የጀመርነው።

«መውደቅ የእርጅና ነው፤ ሳንባ ምን አገባው?» ያገባዋል። እነዚህ ታማሚዎች ሕመሙ ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይበልጥ ይወድቃሉ። እግር ይደክማል፤ ወገብና ደረት ቀጥ አድርገው የሚይዙ ጡንቻዎችም በመተንፈስ ሥራ ይጠመዳሉ። ለሚዛን መራመድ ብቻውን አይበቃም፣ ለብቻው መለማመድ ያስፈልጋል። አክስቴ ቡፌውን ይዛ በአንድ እግር ትቆማለች። መጀመሪያ ቀን 3 ሳትቆጥር ነጠላዋ ወደቀ፣ እሷም ተከትላ ልትወድቅ! ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳትም አለ። የፕላስቲክ ወንበር ግን ይንሸራተታል፤ ግድግዳ አስደግፉት። አጠገቧም ሰው ይቁም።

«ስፖርት ሳንባዬን ያድሰዋል።» አያድሰውም። የተጎዳው እንደተጎዳ ነው። የሚሻሻለው ጡንቻውና አቅሙ ነው፤ ፍርሃቱም ይቀንሳል።

«ፓፍ ካለኝ ምን አደከመኝ?» ፓፉ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ የአየር ቧንቧ ይከፍታል እንጂ እግር አያጠነክርም። ከእንቅስቃሴ በፊት መውሰድ ይጠቅም እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ደረት ካመመ ወይም ካዞረዎት ግን ያኔ ቁጭ ይበሉ።