የችግኝ አፈር ላይ የሚርመሰመሱት ማይቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ችግኝ ውሃ ስታጠጡ አፈሩ ላይ ነጫጭ ወይም ቡናማ ነጥቦች ሲርመሰመሱ ካያችሁ፣ እባካችሁ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ቀረብ ብላችሁ እዩ። ማይት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። አብዛኛው 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውም ብዙ ነው።

«አፈር ውስጥ ያለ ማይት ሁሉ ሥር ይበላል»

አይበላም። ቡናማ፣ ድብልብልና ዘገምተኛ የሆኑት የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ አፈሩን ያዳብራሉ። ፈዘዝ ያለ ቀለም ኖሯቸው ፈጥነው የሚሮጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳኞች ናቸው። የትንኝ እጭ ይበላሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ለተባይ መከላከያ እየተባዙ ይሸጣሉ።

በእርግጥ ጎጂም አለ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቁና ዘገምተኛ ሆነው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት ወይም በሊሊ ራስ ሥር ተሰብስበው ካገኛችኋቸው፣ የተበላሸውን ነቅላችሁ አስወግዱ።

«ችግኙን የጣለው ማይት ነው»

ብዙ ችግኝ የሚያልቀው በዚህ ስህተት ነው። ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ተኝቶ ሲገኝ ግንዱን አፈሩ ጋ እዩት። ውሃ የጠጣ መስሎ ክር ከሆነ፣ ጥፋተኛው እንደ ፒቲየም ወይም ሪዞክቶኒያ ያለ አበስባሽ በሽታ ነው። ማይቱ የመጣው የበሰበሰውን ሊበላ ነው። እሱን ስትገድሉ በሽታው ወደሚቀጥለው ችግኝ ይሻገራል። የወደቀውን ከነአፈሩ አንሱ፣ ውሃ ቀንሱ፣ አየር እንዲገባ አሳሱት።

ሌላው ተጠርጣሪ የፈንገስ ትንኝ እጭ ነው፤ እሱ የምርም ለጋ ሥር ይበላል። አንድ ቁራጭ ጥሬ ድንች አፈሩ ላይ አስተኙና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ገልብጡት። ጥቁር ጭንቅላት ያለው፣ እግር የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ትል ካያችሁ እሱ ነው። የአፈሩ የላይኛው ክፍል በየመሃሉ ይድረቅ፤ እጩ ያለ እርጥበት አይበረክትም። የሚበሩትን ደግሞ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ይይዛቸዋል።

«ትንሽ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ማይት ነው»

አጉሊ መነጽር ያዙና እግሩን ቁጠሩ። ያደገ ማይት 8 እግር አለው፣ አንቴና የለውም። ስትነኩት ፈንጠር ብሎ የሚዘለው፣ 6 እግርና አንቴና ያለው፣ ሌላ ፍጥረት ነው። እሱም በአብዛኛው ብስባሽና ሻጋታ በል ነው፤ ተዉት።

«ድር የሚያደራው ማይትም ከአፈሩ የወጣ ነው»

የሸረሪት ማይት፣ ማለትም ቀይ ሸረሪት የሚባለው፣ የሚኖረው ቅጠል ሥር ነው። የሚመቸውም ሙቀትና ደረቅ አየር ነው። ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። የወደቁት ነጥቦች መሄድ ከጀመሩ አገኛችሁት። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በውሃ እጠቡ፤ ካስፈለገ ለተክል የተዘጋጀ የሳሙና ርጭት ተጠቀሙ። እንቁላሉ በርጭቱ ስለማይሞት በሳምንት ውስጥ መድገም ግድ ነው።

«የነፍሳት መድኃኒት ያጠፋቸዋል»

ማይት ነፍሳት አይደለም፤ ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች አይነኩትም። ይባስ ብሎ እንደ ፓይሬትሮይድ ያሉት አዳኞቹን ጨርሰው ቀይ ሸረሪቱ እንዲፈላ ያደርጋሉ።

«አፈሩ በጣም ከጋለ ይበልጥ ይጸዳል»

እርጥብ አፈር 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ለ30 ደቂቃ መቆየቱ ይበቃዋል። ከዚያ በጣም ካለፈ ለጋ ሥር የሚጎዱ ነገሮች ይፈጠሩበታል። ከማሞቁ እኩል ደግሞ ዕቃውን እዩ፤ ታች ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ውሃ ያቁራል፣ የተጣራውም አፈር መልሶ ይሻግታል።