ፖሊፕሮፒሊንና ካታሊስቱ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ገበያ ላይ እህል የሚሞላበት ነጭ ማዳበሪያ፣ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮችና ጣና ላይ የማይሰምጠው የፕላስቲክ ገመድ በአብዛኛው ከአንድ ፕላስቲክ ይሠራሉ። እሱም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጀሪካንና ፌስታል ግን ባብዛኛው ፖሊኢትሊን ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ 0.9 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ አያቀልጠውም።

መነሻው ፕሮፒሊን የተባለ ከነዳጅ የሚገኝ ጋዝ ነው። ሞለኪውሎቹ ተቀጣጥለው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። በሰንሰለቱ ጎን ላይ ትንንሽ የካርቦን ቅርንጫፎች ይኖራሉ። ቅርንጫፎቹ በአንድ ወገን ከተሰለፉ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ፕላስቲኩም ይጠነክራል። ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን የሚወጣው ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ከሱ ማዳበሪያ አይሸመንም። አሰላለፉን የሚወስነው ካታሊስቱ ነው፤ ካታሊስት ማለት ሞለኪውሎቹ እንዲቀጣጠሉ የሚያደርግ ረዳት ንጥረ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በ1953 እ.ኤ.አ. የታይታኒየምና የአልሙኒየም ውህዶችን አጣምሮ ካታሊስት በማድረግ ፖሊኢትሊን በዝቅተኛ ግፊት አመረተ። በዓመቱ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ሚላን ፖሊቴክኒክ ውስጥ በዚሁ መንገድ ቅርንጫፎቹ በሥርዓት የተሰለፉ ፖሊፕሮፒሊን ሠራ። በ1957 ፌራራ ከተማ ላይ የፋብሪካ ምርት ተጀመረ። ሁለቱ ሰዎች በ1963 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋሩ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ካታሊስት ግን ብዙ ያባክን ነበር። ድፍን የታይታኒየም ትራይክሎራይድ ቅንጣት ነው። ሥራ የሚሠራው ላዩ ላይ ያለው ታይታኒየም ብቻ ሲሆን ውስጡ ያለው እንዲሁ ይቀራል። አንድ ግራም ካታሊስት አንድ ኪሎ ገደማ ፕላስቲክ ያወጣ ነበር። ከዚያ የካታሊስቱን ትራፊ በአልኮል ማጠብ፣ የሚያጣብቀውንም ክፍል በአሟሚ ፈሳሽ መለየት ግድ ይል ነበር። ወጪው ከባድ ነው።

መፍትሔው ታይታኒየሙን በሌላ ነገር ላይ ማሳፈር ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ማግኒዥየም ክሎራይድ ለዚህ የተመቸ መሆኑን አገኙ። የገበታ ጨው ባይሆንም የጨው ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የማግኒዥየምና የታይታኒየም አዮኖች መጠናቸው ስለሚቀራረብ ታይታኒየም ቴትራክሎራይድ ጨዉ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ጨዉ በጣም ደቅቆ ሰፊ ገጽ ስለሚኖረው በመቶ ጥቂት እጅ ታይታኒየም ይበቃል። ዛሬ ከአንድ ግራም ካታሊስት ከ30 ኪሎ በላይ ፕላስቲክ ይገኛል። የሚቀረው ትራፊ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እጥበቱ ቀረ። ለእኔ ከናታ ግኝት ቀጥሎ ትልቁ እርምጃ ይኸ ነው። ፕላስቲኩ ርካሽ ሆኖ እስከ ገጠር ገበያ እንዲደርስ ብዙ ረድቷል።

ጨዉ ብቻውን ግን ሥርዓት አያስይዝም። ካታሊስቱ ላይ ያሉትን፣ ሰንሰለቱን የሚያበላሹ ቦታዎች የሚይዙ ረዳት ውህዶች ይጨመራሉ። አንዱ ካታሊስቱ ሲዘጋጅ ይገባል፤ ለረጅም ጊዜ ፍታሌት የተባለ ውህድ ነበር፣ አሁን ከጤና ስጋት የተነሳ በሌሎች እየተተካ ነው። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ሲሌን የተባለ የሲሊከን ውህድ፣ ፕላስቲኩ ሲመረት ይጨመራል። ካታሊስቱን የሚያነቃው ትራይኢታይል አልሙኒየም ነው። አየር ሲነካው በራሱ ይነዳል። እርጥበትና ኦክስጅንም ካታሊስቱን ይገድሉታል፤ ስለዚህ የሚገባው ጋዝ በጥንቃቄ ይጣራል።

ሌላም ድንቅ ነገር አለ። ፕላስቲኩ ሲያድግ የካታሊስቱን ቅንጣት ቅርጽ ይዞ ያድጋል። ካታሊስቱ ድቡልቡል ከሆነ ፕላስቲኩም ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል፣ በቧንቧ ውስጥም ያለችግር ይፈሳል። ስለዚህ የካታሊስቱን ቅርጽ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ማዳበሪያ ሲሠራ ጥሬ ዕቃው ቀልጦ ስስ ሉህ ይሆናል። ሉሁ ተሰንጥቆ ይለጠጣል፣ ከዚያ እንደ ክር ይሸመናል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላላት ባሕር ዳር ሽመናው እንግዳ አይደለም። የፖሊፕሮፒሊን ጠላት ፀሐይ ነው። መከላከያ ካልተጨመረበት ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ ሐይቁ ዳር የተተወ ገመድም እየተሰነጣጠቀ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ቀልጦ እንደገና ሲሠራ ካታሊስት አያስፈልገውም። ዋናው ነገር ከሌሎቹ መለየቱ ነው። የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። ፖሊኢትሊንም ስለሚንሳፈፍ እሱን ከፖሊፕሮፒሊን ለመለየት ዕቃው ሥር ያለውን ምልክት ማየት ይሻላል፤ የፖሊፕሮፒሊን ቁጥር 5 ነው።