የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እድሳት በሰሜን ሸዋ

አሮጌ ከበሮ ሲታደስ ሥራው በአብዛኛው ቆዳው ላይ ነው። ከዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ከበሮ ከተጠነቀቁለት መቺዎቹን ሁሉ ቀብሮ ይኖራል። ቆዳው ግን ይላላል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም አይጥ ይበላዋል።

ከበሮ ሁለት አፍ አለው። ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱም በበሬ ቆዳ ይሸፈናሉ። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰ የሚያስራቸው ጠፍሩ፣ ማለትም ቀጭኑ የቆዳ ገመድ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ)፣ ጠፍሩ ጌታ ሲገረፍ የወጣበት ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ ደግሞ ሲዘብቱበት ያለበሱት የከለሜዳው ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ። ለጠጋኙ ግን ጠፍሩ ራስ ምታት ነው። ሁለቱን ቆዳ ባንድ ላይ ስለያዘ፣ አንዱ ሲቀደድ ደህናውም አብሮ ይፈታል።

የሰሜን ሸዋ አየር ለከበሮ አይመችም። ጣርማ በር ላይ፣ አንኮበር ላይ ጉም ሲወርድ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ከበሮው ይለግማል። እንደ እርጥብ ጆንያ «ዱፍ» ይላል። ያኔ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ያሞቁታል፤ ይነቃል። መፍትሔው ግን የአንድ ሌሊት ነው። እሳት የለመደ ቆዳ ቶሎ ይደርቅና ይተረተራል። ወደ ምንጃር ቆላ ወረድ ሲሉ ደግሞ ችግሩ ራሱ ድርቁ ነው።

ለእድሳት ምቹው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ዜማው መቋሚያ (የመዘምራኑን ዘንግ) ይዞ በዝግታ ሲዘመም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ችግሩ በጾም በሬ አይታረድም። ስለዚህ ቆዳው ቀደም ብሎ፣ ከገና ወይም ከቅበላ እርድ ተቀምጦ መቆየት አለበት።

የደረቀው ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ ፀጉሩ ይፋቃል፤ ከአፉ ሰፋ ተደርጎ ክብ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በወስፌ ይበሳል። ጠፍሩም ከቆዳ ዙሪያውን እየተዞረ በረጅሙ ይቀደዳል። የጠፍር አልጋ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውጠራው የሚጀመረው ሁሉም እርጥብ ሳለ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከሳቡ ቆዳው ይዛነፋል። ስለዚህ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ፣ ዙሪያውን ደጋግሞ መሳብ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለው ስለ መምታቱ ነው፤ ውጠራው ይብሳል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ራሱን ይስባል። የቸኮለ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ሲሰነጠቅ እንደገና ቆዳ ፍለጋ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ቆዳ የሚሠራ ሰው በአገራችን «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ቅኔ ማኅሌት የሚገባውን ከበሮ የሚወጥረው ግን ያው የተናቀ እጅ ነው።

አሁን አሁን በጠፍር ፋንታ የናይለን ገመድ የሚያስሩ አሉ። ይረክሳል፣ አይጥም አይበላውም። ግን ከቆዳው ጋር አብሮ አይደርቅም፣ አብሮም አይሳብም። በመረግዱ፣ በዝግታ በሚመታው የዜማ ክፍል፣ ብዙ አይታወቅ ይሆናል። ፈጣኑ ክፍል፣ ጽፋቱ፣ መጥቶ እጅ ሲፈጥን ግን ልዩነቱ ይሰማል።

የመጨረሻው ፈተና በጆሮ ነው። መሪጌታው ሰፊውን አፍ መታ መታ ያደርጋል፣ ወደ ጠባቡ ይዞራል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ካልጣመው ጠፍሩ እንደገና ይፈታል።